የሙዚቃ መጽሐፍ፦ ከድጓ ቤት እስከ በደሳ ክፍል

የሒሳብ መጽሐፍ ስሌቱን በውስጡ ይዟል፤ የታሪክ መጽሐፍም ታሪኩን ይተርካል። የሙዚቃ መጽሐፍ ግን የሚያስተምረው ነገር በገጾቹ ውስጥ የለም። ድምፁ ያለው በመምህሩ ጉሮሮ፣ በክራሩ አውታርና በልጆቹ መዳፍ ነው። የወጥ አሠራር የተጻፈበት ወረቀት እንደማያጠግብ ሁሉ፣ ኖታ የታተመበት ገጽም ለብቻው አይዘምርም። ስለዚህ ለልጆች፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተጻፈ የሙዚቃ መጽሐፍ ሲገጥመን ቀድመን መጠየቅ ያለብን ድምፁ ከየት እንዲመጣ ታስቦ እንደተጻፈ ነው። ደራሲው ይህን ካላሰበበት፣ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢያምር የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄው በደሳ ላይ ምን እንደሚመስል እንይ። በደሳ ከጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ወደ ገለምሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ቡና በሚበቅልበት አካባቢ ያለች የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። የአንደኛ ደረጃ ተማሪው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይማራል፤ አማርኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የቋንቋ ትምህርት ነው። ሙዚቃ ለብቻው መጽሐፍ ኖሮት አይመጣለትም። ቀደም ሲል በታችኞቹ ክፍሎች «ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ» በሚባለው ትምህርት ውስጥ ከሥዕልና ከስፖርት ጋር ተጠቃልሎ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በተባለው ትምህርት ከውዝዋዜ፣ ከድራማና ከሥዕል ጋር ተቀምጧል።

መምህሩ ብዙ ጊዜ ሙዚቃ ያጠና ሰው አይደለም፤ ሌላ ትምህርት እያስተማረ ይህ ክፍለ ጊዜ የተደረበለት ነው። መጽሐፉን ሲከፍት አምስት መስመር፣ በላዩም ክብ ክብ ነጥቦች ያገኛል። ፒያኖ የለም፤ ክራር ቢኖርም መቃኘት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የቀረው መስመሮቹን ሰሌዳ ላይ ማስመርና ተማሪው ወደ ደብተሩ እንዲገለብጥ ማድረግ ነው። ፈተና ሲመጣ «ሙሉ ኖታ ስንት ምት አለው?» ተብሎ ይጠየቃል። ተማሪው «አራት» ይላል፤ ትክክል ነው፣ ማርኩን ያገኛል። አራት ምት የሚቆይ ድምፅ ግን ሰምቶም አውጥቶም አያውቅም። ይህ የመምህሩ ስንፍና አይደለም፤ ጥፋቱ መምህሩ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ የተጻፈው መጽሐፍ ነው።

አገራችን ዜማን በጽሑፍ ለማስተማር እንግዳ አይደለችም። (የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ዜማውን «ሙዚቃ» ብንለው ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ ይቅርታውን ይዘን እንለፍ።) በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ለኖረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ድጓ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልቶች የሚዜም የዓመቱ መዝሙር ነው። ገጹን የከፈተ ሰው ከንባቡ በላይ ደቃቅ ነገሮች ተደርድረው ያያል። አንዳንዶቹ ቅርጾች ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ይዘት ነጥብ ነው፤ ርክርክ የተከታተሉ ነጥቦች ሆኖ ድምፁ እንዲርገበገብ ያዛል፤ ድፋት እንደ ስሙ የተደፋ ቅስት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ፊደሎች ናቸው፤ ቁጥራቸውም በመቶዎች ነው። ሊቃውንቱ ይህን ምልክት የሠሩት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የፊደሎቹ አሠራር የሚያስደንቅ ነው። እነዚያ አንድ ሁለት ፊደሎች ድምፁ ምን ያህል ከፍ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል አይናገሩም። ተማሪው ቀድሞ በቃሉ ካጠናው የታወቀ ዜማ ቃል ላይ የተቆረጡ ናቸውና፣ ሲያያቸው ያ ዜማ ትዝ ይለዋል፤ አሁን ያለውንም ቃል በዚያው ዜማ ያወጣዋል። እንግዲህ ምልክቱ አዲስ ነገር አያስተምርም፤ የሚያውቁትን ይቀሰቅሳል። ከመሪጌታው እግር ሥር ላልተቀመጠ ሰው ገጹ ዝም ያለ ነው። ለዚህም ነው የድጓ ተማሪ ጾመ ድጓውን በቃሉ እያጠና፣ መጽሐፉን በእጁ እየገለበጠ ዓመታት የሚፈጅበት፤ አንዳንዱም ለማስመስከር እስከ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ የሚሄደው። የድጓ ጸሐፊ አንባቢው መምህር እንዳለው እርግጠኛ ነበር።

ሐረርጌም የራሱ መጻሕፍት አሉት። በሐረር የመውሊድና የዚክሪ ኪታቦች ቃሉን በዐረብኛ ፊደል ይይዛሉ፤ ዜማው ግን ከአፍ ወደ አፍ፣ ከበሮው ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። እዚያም መጽሐፉ ሰውን ተማምኖ የተጻፈ ነው።

በሌላው ዓለም የተሄደበት መንገድ ተቃራኒው ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ የደብሩ ልጆች መዝሙር ለመልመድ በሚፈጅባቸው ዘመን ተማረረ። ድምፆችን በመስመርና በመስመር መሐል አስቀመጠ፤ ዛሬ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የምንላቸውንም ስሞች ከአንድ የላቲን መዝሙር የስንኝ መነሻዎች ወሰደ። አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረውን ትምህርት ወደ አንድ፣ ቢበዛ ወደ ሁለት ዓመት እንዳወረደው በኩራት ጽፏል። የጊዶ ሐሳብ ልጁ ሰምቶት የማያውቀውን መዝሙር ከገጹ ላይ አንብቦ እንዲያወጣ ነው፤ ማለትም ተማሪውን ከመምህሩ ነፃ ማውጣት። ይህ የሚሠራው ግን ተማሪው መስመሮቹን ከድምፅ ጋር ያገናኘለት ሰው አንድ ጊዜ ካገኘ በኋላ ነው። የበደሳው ተማሪ የጊዶን መስመር ደብተሩ ላይ አለው፤ ከድምፅ ጋር የሚያገናኝለት ግን የለውም። መሪጌታም የለውም። በሁለቱ መንገዶች መካከል ቆሟል።

የጊዶ ኖታ ወደ እኛ የመጣው በልጆች መጽሐፍ አይደለም፤ በጥሩምባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባዎቹ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሰልፍ ባንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ኖታ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ዕውቀት ሆኖ ቆየ። ይህ ልማድ ዛሬም የለቀቀን አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ የሙዚቃ መማሪያዎቻችን ጥሩምባ ለተሸከመ ጎልማሳ እንጂ ገና በጭብጨባ ለሚጫወት ልጅ የተጻፉ አይመስሉም።

ለውጥ ያመጣው አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆ፣ ከበገናና ከዋሽንት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አቀናባሪም ተመራማሪም ነበር፤ በኋላ በአሜሪካ እያስተማረ የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ሥር የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1982 አሳትሟል። «ጥቁሩ ኮዳይ» የሚል ቅጽል ወጥቶለት ነበር። ቅጽሉ ለእኛ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ እናብራራው።

ዞልታን ኮዳይ የሃንጋሪ አቀናባሪ ነው። ከጓደኛው ከቤላ ባርቶክ ጋር ገጠር ለገጠር እየዞረ የገበሬውን ዘፈን ሰበሰበ፤ ከዚያም ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ልጅ ሙዚቃን በእናቱ ቋንቋ፣ በራሱ ድምፅ፣ በሰፈሩ ዘፈን መጀመር አለበት አለ። መሣሪያ በኋላ ይመጣል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ልጆች ሲጠራሩ ወይም ሲቀላለዱ በሚያወጧቸው ሁለት ድምፆች፣ በሶልና በሚ፣ ይጀመራል፤ ላ ይጨመራል፤ ቆይቶ ዶና ሬ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ድምፅ የእጅ ምልክት አለው፤ ሐሳቡን ከእንግሊዛዊው ጆን ከርዊን ወስዶታል። ዶ ሆድ አካባቢ የተጨበጠ ቡጢ ነው፤ ሚ የተዘረጋ መዳፍ፤ ላ ወደ ታች የተንጠለጠለ እጅ። ልጁ የድምፁን ከፍታ በእጁ ከፍታ ያየዋል። ወጪ የለውም፤ የተጨናነቀ ክፍልም አያስቸግረውም።

እነዚያ አምስት ድምፆች፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ክራር ለሚያውቅ አንባቢ አዲስ አይደሉም፤ የትዝታ ሙሉ ቅኝት ናቸው። ቡዳፔስት ላይ ያለ ልጅ የሚጀምርበት መሰላል ወሎ ላይ ያለ አዝማሪ የሚያለቅስበት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የኮዳይን ዘዴ ወደ አገራችን ለማምጣት ልጁን ወደ ባዕድ መሰላል ማውጣት አያስፈልግም። አንቺሆዬና አምባሰል ግን ከዚህ ስለሚለዩ፣ የራሳቸውን የእጅ ምልክት የሚያበጅላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

አንድ ቅሬታ ላንሳ። በየመጽሐፉ «የኢትዮጵያ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ» ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪውም ይሸመድደዋል። እነዚህ የደጋው የማሲንቆና የክራር ቅኝቶች ናቸው። የዶርዜዎችን ባለብዙ ድምፅ ዝማሬ አይገልጹም። ሐረርጌን ብቻቸውን አይገልጹም፤ እዚህ የዑድም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የዐረብ ዜማም ጥላ አለ። በድሬዳዋ ተወልዶ ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፈው ድምፃዊ ዓሊ ቢራ ዑድም ጊታርም ይጫወት ነበር። የምሥራቁ ኦሮሞ ሸጎዬ ደግሞ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ በጭብጨባና በእግር ምት የሚሄድ ጨዋታ ነው። የበደሳ ልጅ አንደኛ ክፍል ሳይገባ ምቱን በእግሩ ያውቀዋል። የሙዚቃ መጽሐፉ ሸጎዬን በመጨረሻው ምዕራፍ «ባህላዊ ጭፈራዎች» ሥር በፎቶ ካሳየው፣ ልጁ የሚያውቀውን ትቶ በማያውቀው ጀምሯል ማለት ነው። ሸጎዬ የመጀመሪያው ትምህርት መሆን ነበረበት፦ የቱ ምት ይጠነክራል? ተቀባዩ ስንት ምት ጠብቆ ይገባል? ሙሉ ኖታ አራት ምት መሆኑን ልጁ በዚያ መንገድ በጉልበቱ ይረዳዋል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ አበባየሆሽና ሆያ ሆዬ አሉት፤ እነሱም ቢሆኑ አውጪና ተቀባይ ያላቸው፣ በጥቂት ድምፅ የሚሄዱ፣ ለጀማሪ የተመቹ ናቸው።

ለጀማሪ ታስቦ የተሠራ ነገር በሌላውም ዓለም አለ። ባርቶክ ለልጁ ለፔተር ማስተማሪያ የጀመረውን «ሚክሮኮስሞስ» በስድስት ቅጽ 153 አጫጭር ድርሰቶች አድርጎ ሲጨርስ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ አውጥቶታል። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ደግሞ ሙዚቃን ከንግግር፣ ከጭብጨባና ከእንቅስቃሴ ሳይለይ አስተማረ። ከእኛም ወገን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ድርሰቶች በኖታ ታትመዋል፤ ኖታ ማንበብ ለቻለ ተማሪ ውድ ሀብት ናቸው። ለጀማሪው ግን ሩቅ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ በጠቅላላ የአገራችን ልጆች ሙዚቃን የተማሩት ከመጽሐፍ ይልቅ ከቴሌቪዥን ነው። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በተረትና በዘፈን አሳድገዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በመዝሙር ፊደልና ንጽሕና አስተምራለች። ከሁለቱም የምንወስደው ነገር አለ፦ ድምፁ አብሮ መጣ። የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚዎችም ይህን ሊያደርጉት ይችላሉ። ከመምህሩ መምሪያ ጋር ዘፈኖቹ የተቀዱበት ሚሞሪ ካርድ ቢያያዝ፣ ስልክና ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያለው መምህር ሁሉ ክፍሉ ውስጥ መሪጌታ አገኘ ማለት ነው።

እስከዚያው ግን በበደሳ፣ በጭሮና በገለምሶ ያላችሁ መምህራን የምትጠብቁት ነገር የለም። ለተማሪዎቻችሁ የቤት ሥራ ስጡ፦ ከአያታቸው አንድ የልጆች ጨዋታ ዘፈን በስልክ ቀድተው፣ ግጥሙን በቁቤ ጽፈው፣ ከየቃሉ በላይ ጭብጨባው የሚያርፍበትን በነጥብ ምልክት አድርገው ያምጡ። ከእናንተ የሚጠበቀው ገጾቹን መጠረዝና ቅጂዎቹን በአንድ ስልክ ማጠራቀም ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርት ቤታችሁ የራሱ የሙዚቃ መጽሐፍ ይኖረዋል፤ አንዱን ቅጂ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላኩት።