ቆመህ ጠብቀኝ፦ የአንድ ጥይት ጠመንጃና የቀለሁ ሳይንስ

በጥቅምት ማለዳ አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሁለት አገር ባንድ ጊዜ ያያል። ከእግሩ ሥር ጥዱና ገብሱ ጤዛ እንዳዘለ ነው፤ ተራራው እየተቆረጠ ወርዶ ካለቀበት ጀምሮ ደግሞ የአፋር ቆላ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። በዚያ ቆላ ዶፋን የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ከስንጥቆቹ በሚወጣው እንፋሎት ዙሪያ ቢጫ ድኝ ይጋገራል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1813 እስከ 1847 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ለሸዋ ባሩድ የሚሆነው ድኝ ከዚህ ቆላ ይወጣ ነበር።

ባሩዱ አገር ውስጥ ከተቀመመ፣ ጠመንጃውም በግመል ተጭኖ ከመጣ፣ የሸዋን ተኳሽና አዳኝ የቸገረው ምን ነበር? መልሱ ጣት የምታህል የናስ ቀፎ ናት፤ ቀለህ። ጠመንጃ ሲነሣ የሰው ዓይን አፈሙዙና ሰደፉ ላይ ያርፋል። የአንድ ጥይት ጠመንጃ ታሪክ ቋጠሮ ግን ያለው ቀለሁ ውስጥ ነው።

ምድር የምትሰጠው

ጥቁሩ ባሩድ የሦስት ነገሮች ቅምር ነው፤ የከሰል፣ የድኝና ናይትሬት የሚባለው ጨው። ከሰሉ ማገዶው ነው። ድኙ ቶሎ እሳት እንዲይዝ ያደርገዋል። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጨው ደግሞ ኦክስጅን ያቀብላል። እንጨት ሲነድ ኦክስጅኑን ከአየር ይስባል፤ ባሩድ ግን ኦክስጅኑን እንደ ስንቅ ይዞ ይዞራል። በተደፈነ ብረት ውስጥ መንደድ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ባሩዱ ግን በዚህ አይደክምም፤ ስንቁ አብሮት አለና። እንዲያውም ከአፈሙዝ የወጣው እርሳስ የሚገፈትረው አየር ስለሚያንስ፣ ምጽዋ ላይ ከሚበረው ይልቅ ደብረ ብርሃን ላይ የሚበረው ፍጥነቱን ቆይቶ ይጥላል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ደጋ ላይ ሩቅ ሲተኮስበት ከታለመው ከፍ ብሎ የሚመታው በዚህ ምክንያት ነው።

የጨዉ አመጣጥ ደግሞ ሌላ ተአምር ነው። ከብት ካደረበት አፈር ውስጥ ሽንቱና እበቱ ሲበሰብስ በመጀመሪያ አሞኒያ ይወጣል፤ በረት ስንገባ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ከዚያ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ከኦክስጅን ጋር አዋሕደው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሽሌዢንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ይህ የሕያዋን ሥራ መሆኑን ያሳዩት በ1877 ነው። ባሩድ ቀማሚዎች ግን ምክንያቱን ሳያውቁት ለብዙ መቶ ዓመታት ያንኑ አፈር እያጠቡ ጨዉን ሲያወጡ ኖረዋል።

በ1839 ወደ ሸዋ የመጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረባቸው ስጦታዎች አንዱ የባሩድ መፍጫ ነበር። መንገደኛው ንጉሡ ምን እንደሚፈልጉ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሦስቱ ነገሮች በየፊናቸው እሳት ቢነካቸው እርሳስ አይገፉም። ኃይሉ የሚመጣው ቅንጣቶቻቸው እጅግ ልመው፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የባሩድ ጥበብ ግማሹ ወፍጮ ነው።

ጥቁር ባሩድ አንድ የማይድን ጉድለት አለው። ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጥላሸቱ ከአየር ውስጥ ውኃ ይስባል፤ ውኃው ብረቱን ያዝጋል። ጉም ቤት ድረስ በሚገባበት እንደ አንኮበር ባለ አገር ሳይታጠብ ያደረ አፈሙዝ ምን እንደሚሆን ለመገመት አዋቂ መጠየቅ አያሻም።

ከአፍ ወደ ኋላ

በ1841 ከቦምቤይ ተነሥቶ ሸዋ የገባው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ለንጉሡ ጠመንጃዎችና መድፎች አምጥቶ ነበር። ሃሪስ ራሱ በደቡብ አፍሪካ አደኑ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፉ ነበር። ባሩዱ ተለክቶ በአፈሙዙ ይፈስሳል፤ እርሳሱ ይከተላል፤ በዘንግ ተጎስጉሶ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ እሳት ይፈለጋል። ዝሆን ወይም ጎሽ ገጥሞ የመጀመሪያውን ጥይት የሳተ አዳኝ ሁለተኛውን እስኪያጎርስ አውሬው እንዲታገሠው መለመን ብቻ ነው የቀረው። በአገራችን አንድ ጊዜ ተኩሶ የሚያበቃውን ዘገምተኛ ጠመንጃ ‹‹ቆመህ ጠብቀኝ›› ያሰኘው ይኸው ፌዝ ነው።

መሣሪያው ዘገየም ፈጠነም አደጋው አይቀርም። አፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰጥተው ነበር። ማኅበሩ የላከው ቡድን መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ለሳይንስ የሚሰበስቡትን አዕዋፍ ሲያድኑ በ1876 ቀኝ እጃቸውን በጠመንጃ ክፉኛ ቆሰሉ። በ1882 ያረፉትም እዚያው ሌት ማረፊያ ነው።

ዓለምን የለወጠው ግን የጠመንጃው አፍ ወደ ኋላ መዞሩ ነው። ለውጡ የተጀመረው ከካፕሱል ነው። በ1807 አሌክሳንደር ፎርሳይዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቄስ በምት ብቻ የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ እሳት ማቀጣጠያ አድርጎ አስመዘገበ። በኋላም ቅመሙ ትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ ገባ፤ ካፕሱል የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ ቆቡ፣ ባሩዱና እርሳሱ በአንድ የናስ ቀፎ ተሰፉ፤ ያ ቀፎ ከኋላ የሚጎርስ ሆነ። የአንድ ጥይት ጠመንጃ ወርቃማ ዘመን የተከፈተው እንዲህ ነው።

ያ ዘመን በቋንቋችን ውስጥ ቅሪቱን ትቶ አልፏል። ‹‹ሰናድር›› በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናይደር ነው። ‹‹ውጅግራ›› ደግሞ የ1874ቱ የፈረንሳይ ጠመንጃ ‹‹ፉዚ ግራ›› በሸዋና በጎንደር አፍ ተሞርዶ የተወለደ ስም ነው። ሬሚንግተን የተባለውን ጠመንጃ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን በእጃቸው ያስገቡት ከግብፅ ጦር ላይ፣ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ድል አድርገው ነው።

ቀለህ ራሱ ማሽን ነው

ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አፈሙዝ፣ 25 ግራም እርሳስና 5 ግራም ገደማ ባሩድ ነበረው። እርሳሱ በሰከንድ ወደ 450 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወጣል። በዚያች ቅጽበት የያዘው ጉልበት 25 ኪሎ የሚመዝን የገብስ ጆንያ 10 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ይበቃል። ይህ ሁሉ ኃይል ከተኳሹ ጉንጭ ጥቂት ጣት ርቆ ነው የሚፈነዳው። ታዲያ ወደ ኋላ አምልጦ ፊቱን የማይጠብሰው ለምንድን ነው?

የቀለሁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። የጥይት ናስ ከመቶ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። ጋዙ ሲገፋው ቀለሁ ይነፋና ከብረቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ግፊቱ ሲወድቅ ናሱ በመጠኑ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከብረቱ ተላቅቆ በጣት ይወጣል። ለስላሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተጣብቆ ይቀር ነበር፤ ጠንካራ ብቻ ቢሆን ይሰነጠቅ ነበር። ሁለቱንም ጠባይ ባንድ ላይ የያዘ ርካሽ ብረት በመሆኑ ናስ እስከ ዛሬ ከዚህ ሥራ አልወረደም።

የጠመንጃውን ሰደፍ የሸዋ ባለ እጅ ከአገር እንጨት ሊቀርጸው ይችላል። ቃታውን ሊሞርደው፣ እርሳሱን አቅልጦ በቅርጽ ሊያወጣው፣ ባሩዱን ሊቀምመው ይችላል። ናሱን ከአንድ ዝርግ ቆርቆሮ ደጋግሞ ስቦ፣ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ቀፎ ማውጣት ግን የትልቅ መጫኛ ማሽን ሥራ ነው። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ቅመም ደግሞ በዚያን ዘመን ከባዜቃ የሚሠራ ነበር፤ የሚሠራውም በኬሚስት ነው። ለዚህ ከከብት በረትም ሆነ ከዶፋን ስንጥቅ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

ነጋዴዎቹ ይህን ቶሎ ተረድተውታል። ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በጥቅምት 1886 ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ፣ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ ሐረርን በያዙበት ሰሞን ነበርና አላገኛቸውም፤ ዋጋውን የተከራከረው እንጦጦ ላይ ነው። ከዚያ መልስ፣ ያው ዓመት ሳያልቅ፣ ለፈረንሳይ መንግሥት ማመልከቻ ጻፈ። የጠየቀው ለምኒልክ ጠመንጃና ጥይት መሥሪያ የሚሆን መሣሪያ በኦቦክ ወደብ በኩል ለማስገባት እንዲፈቀድለት ነበር። ጠመንጃ አንዴ ይሸጣል፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ ያልቃል።

የቀለሁ ሁለተኛ ዕድሜ

ስለዚህ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም ነበር። ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ዳግም ይሞላል። ዛሬ በሌላው ዓለም በእጅ ጥይት መሙላት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው፤ በእኛ አገር ግን ግድ ነበር።

ቀለህ ሁሉ እኩል አይሞላም። የሰናድሩን ጥይት የነደፈው እንግሊዛዊው ቦክሰር ካፕሱሉ የሚመታባትን ትንሽ ሰንዳል እዚያው ካፕሱሉ ውስጥ አስገባት። አሜሪካዊው በርዳን ደግሞ ሰንዳሏን ከቀለሁ ወለል ጋር አንድ አደረጋት። የመጀመሪያው ያገለገለ ካፕሱል ከውስጥ በመርፌ ተገፍቶ ይወጣል፤ የሁለተኛው ተፈልቅቆ መውጣት አለበት። የእንግሊዛዊው ዘዴ በኋላ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ በአውሮፓ መንገሡ የታሪክ ቀልድ ነው።

ናሱም ይደክማል። በተነፋና በተጨመቀ ቁጥር የውስጥ ቅንጣቶቹ አሰላለፍ ይዛባል፤ ይደርቃል፤ በመጨረሻም አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ሽቦ ደጋግመን ስናጥፍ የሚሰበረው በዚሁ ሕግ ነው። ከካፕሱሉ የሚተርፈው ባዜቃም ናስን ያሰባብራል፤ የጥቁር ባሩድ ብዙ ጥላሸት ግን ባዜቃውን ስለሚበታትነው ጉዳቱን ያቀልለው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሦስተኛው ጠላት ነው። በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት ያከማቸው ጥይት ማንም ሳይነካው ተሰንጥቆ ይገኝ ነበር። ምክንያቱ የተብራራው በ1921 ነው። አንገቱ ሲጠብብ በናሱ ውስጥ ታምቆ የቀረው ውጥረትና ከፈረስ ጋጣ የሚነሣው አሞኒያ ተባብረው ናሱን ይቀዱታል። እንግዲህ ያስተውሉ፦ ባሩዱን የወለደው የከብት ሽንት ቀለሁን ይገድላል። በደጋው ጎጆ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ዝናር የሚተነፍሰው ያንኑ አሞኒያ ነው።

ብርቅ ነገር ደግሞ ገንዘብ ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት በብዙ የኢትዮጵያ ገበያ ከማርትሬዛ ብር በታች እንደ ሳንቲም ሆኖ ይዘረዘር ነበር። መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ በቀላሉ አይሠራም፤ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሲተኮስ ደግሞ ከገበያው ይጎድላል። የአሞሌ ጨው ባልንጀራ ሆነ።

ጭስ የሌለው ዘመን

በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪየይ ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቤል የተባለው ጠመንጃ ጎረሰው። ይህ ባሩድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ጋዝ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥላሸት እምብዛም አይተውም፤ ግፊቱ ግን ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ አሮጌ ብረት ይህን ቢያጎርሱት ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።  በአገር አፈር የሚቀመመው ባሩድ ዘመንም በዚሁ ማብቃት ጀመረ፤ አዲሱ ከፋብሪካ እንጂ ከበረት አይወጣም።

የአንድ ጥይት መሣሪያ ግን በዓለም ላይ አልሞተም። በ1967 በአሜሪካ የወጣው ኮንቴንደር የተባለ የአደን ሽጉጥ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ አፈሙዙ እየተፈታ በሌላ ይቀየራል። ባለቤቶቹ ሰደፉንና ማነጣጠሪያውን በልካቸው ያሠራሉ፤ ጥይቱንም በእጃቸው ይሞላሉ። ምክንያቱ የፊዚክስ ነው። የሽጉጥ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ ለረጅም ጠመንጃ የተዘጋጀ ባሩድ ነድዶ ሳያልቅ እርሳሱ ይወጣል፤ የቀረው ባሩድ ደጅ ላይ ነበልባልና ድምፅ ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ ይመረጣል፤ ፈጥኖ የሚነድ ደግሞ ግፊቱን ባንዴ ይቆልላል። ሥራው በሚዛን፣ በተፈተነ ሠንጠረዥና በሕግ ፈቃድ የሚሠራ እንጂ በግምት የሚሞከር አይደለም። በአገራችንም የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የሚገዛና ፈቃድ የሚያስፈልገው ነው።

አሁን ወደ አንኮበሩ ኮረብታ እንመለስ። ‹‹ቆመህ ጠብቀኝ›› የሚለው ፌዝ ለአውሬው የተነገረ ይመስላል። ድኙ ከቆላ፣ ከሰሉ ከደጋ፣ ጨዉ ከበረት ሲመጣ ያየ ሰው ግን ጠባቂው ሌላ እንደነበር ይገባዋል። ዝናሩ የጎደለበት አዳኝ ሁሉ ነገር በእጁ እያለ፣ ከጥፍር ለምታንስ አንዲት ካፕሱል ሲል ከታጁራ የሚመጣውን ግመል ቆሞ ይጠብቅ ነበር።