ምኞት ብቻውን አያርስም

«ከመሮጥ ማንጋጠጥ» የሚለው ተረት በአገራችን የቆየ ነው። ሰው በራሱ ጉልበት ብቻ እንዳይመካ ይመክራል እንጂ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አይመክርም። ዳሩ ግን ተረቱን ለስንፍና መሸፈኛ ያደረጉት ብዙዎች ናቸው። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ «ማኒፌስቴሽን» የሚባል ትምህርት በስልክ አማካይነት ወደ ወጣቱ ገብቷል። ትምህርቱ ባጭሩ፥ «የምትፈልገውን ነገር እንዳገኘኸው አድርገህ አስብ፤ ደጋግመህም ጻፈው፤ ወደ አንተ ይመጣል» የሚል ነው። ይህ ሐሳብ የቱ ላይ እንደሚጠቅምና የቱ ላይ እንደሚያሳስት መመርመር ለተማሪ የሚገባ ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች በተቻለ መጠን እናብራራለን።

በመጀመሪያ ከቅርባችን እንነሣ። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጅጋን የሚያውቅ ሰው የዙሪያዋን ገበሬ ያውቃል። ይህ ገበሬ ምኞት የለውም ማለት አይቻልም። «ዘንድሮ ከሰጠኸኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብሎ ይሳላል፤ በሬ ልጨምር፥ ቆርቆሮ ቤት ልሥራ ብሎ ያልማል። ነገር ግን ከተሳለ በኋላ ወደ ማሳው ይወርዳል። ለጤፍ መሬቱን አንድ ጊዜ አርሶ አይተውም፤ አራትም አምስትም ጊዜ ይደጋግመዋል። በርበሬውንም ቢሆን ችግኙን በመደብ አፍልቶ፥ ክረምቱ ሲገባ እየነቀለ ይተክለዋል። እንግዲህ ስለቱ ልቡን ያጸናለታል፤ ማረሻው ግን መሬቱን ይከፍትለታል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅኔ ቤት ነው። ስመ ጥሩዎቹ የዋሸራና የጎንጅ ጉባኤያት በጎጃም ምድር የሚገኙ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገሩ ሲወጣ ምኞቱ መምህር ለመሆን ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ቀን መወድስ ልቀኝ አይልም። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በእርግጥ አቋራጭ የፈለጉ አልጠፉም፤ አእምሮ ይከፍታል እየተባለ አብሾ ስለ ጠጡ ተማሪዎች በየጉባኤው ይወራል። አብሾ ግን ራስን የሚያናውጥ መርዘኛ ተክል ነው። ጠጥቶ ሳይታወክ የተረፈ ቢኖር እንኳ ቆጠራው አልቀረለትም።

አባቶቻችን በልማድ ያወቁትን ነገር የዛሬ ሊቃውንት በምርመራ ደርሰውበታል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ለእኛ ለተማሪዎች በተለይ የሚስማማ ነው። ፈተና የደረሰባቸውን ተማሪዎች ከፋፍለው፥ አንደኛው ወገን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ከፍተኛ ማርክ አግኝቶ ሲደሰት በሐሳቡ እንዲያይ፥ ሌላው ወገን ደግሞ ተቀምጦ ሲያጠና ራሱን እንዲያይ አደረጉ። ጥናቱን በሐሳባቸው ያዩት ብዙ ሰዓት አጠኑ፤ የተሻለም ማርክ አገኙ። ማርኩን ብቻ ያዩት ግን ያጠኑበት ሰዓት አነስተኛ ሆነ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ጋብሪኤለ ኧቲንገን የተባለችው የሥነ ልቡና ሊቅ ከሄዘር ካፕስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳየችው፥ አእምሮ ድሉን አስቀድሞ ሲቀምሰው ሰውነት የደረሰ ያህል ይዝናናል፤ የመነሣሣት ኃይሉም ይቀንሳል። ስለዚህ ምኞትን መጣል አይደለም መድኃኒቱ፤ ከምኞቱ አጠገብ መሰናክሉን ማስቀመጥ ነው እንጂ።

ይህም በአራት ደረጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያ አንድ ምኞት ብቻ መርጦ መያዝ፤ ሁለተኛ ቢፈጸም የሚያስገኘውን ጥቅም ማሰብ፤ ሦስተኛ ከራስ በኩል የሚያሰናክለውን ነገር ሳይሸሹ መናገር፤ አራተኛ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ሰዓቱንና ቦታውን መቁረጥ። ለምሳሌ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ቤት ተከራይቶ የሚማር የገጠር ልጅ፥ ስንቅ ለማምጣት በእግሩ ደርሶ ሲመለስ ደክሞት ይተኛል እንበል። «በርትቼ አጠናለሁ» ማለት አይበቃውም። «ስንቁን እንዳስቀመጥኩ፥ ሳልተኛ አምስት የሒሳብ ጥያቄ እሠራለሁ» ቢል ግን ውሳኔው አስቀድሞ ተፈጽሟል። ፒተር ጎልዊትሰርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፥ ሥራቸውን መቼና የት እንደሚሠሩት ከቆረጡት ተማሪዎች ከአራቱ ሦስት እጅ የሚያህሉት በጊዜው ሲፈጽሙ፥ ካልቆረጡት ግን የፈጸሙት ከሦስቱ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የማኒፌስቴሽን ሰባኪዎች፥ ያልተሳካለትን ሰው «በደንብ ስላልተመኘህ ነው» ይሉታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ሁሉ ልጆች መመኘት አቅቷቸው ወደቁ ሊባል ነውን? መምህርና መጽሐፍ በሌለበት፥ ጦርነትም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት አገር፥ ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ምኞት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ገበሬው ተግቶ ያረሰውንም በረዶ ሊመታው ይችላል፤ ሰነፍ ነው ብሎ የሚሰድበው ጎረቤት ግን የለም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሥራ ሁለት ዓይነት መሆኑን እንወቅ። አንደኛው በየግላችን የምንሠራው ነው፤ እርሱም በሰዓትና በቦታ ተቆርጦ ዛሬውኑ የሚጀመር ነው። ሁለተኛው በማኅበር የምንሠራው ነው፤ እርሱም ቀድመን ዩኒቨርሲቲ የደረስን፥ በክረምት ወደየወረዳችን ስንመለስ፥ መጽሐፍ ይዘን ሄደን ታናናሾቻችንን ማስጠናት ነው። የጅጋ ልጅ ምኞት ሞልቶ ተርፎታል። ያነሰው መጽሐፍና አስጠኚ ነው፤ ይህንንም ልንሰጠው የምንችል እኛ ነን።