ከባሕር ጠለል እስከ ደሴ፦ የሁለት ባዶ ጠርሙሶች ጉዞ

ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ሄዶ የተመለሰ መምህር ከተማሪዎቹ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን አይተው መጡ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። በተለይ መምህሩ ያየውን በተግባር የሚያሳይበት ቤተ ሙከራ ከሌለው፣ የሚሰጠው መልስ ወሬ ብቻ ሆኖ የመቅረት አደጋ አለበት። ይህ ጽሑፍ ከኢጣሊያ የትሪየስቴ ከተማ ተነሥቼ እስከ ደሴ ባደረግሁት ረጅም የመልስ ጉዞ፣ በሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አማካይነት ለዚያ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ያደረግሁትን ሙከራ ለውድ አንባቢያን ያቀርባል።

ወደ ትሪየስቴ የሚያደርስ መንገድ

ትሪየስቴ በአድሪያቲክ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኢጣሊያ ከስሎቬኒያ ጋር በምትዋሰንበት አካባቢ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። የፊዚክስ ሰዎች ይበልጥ የሚያውቋት ግን በሚራማሬ ቤተ መንግሥት አቅራቢያ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከል ነው። ማዕከሉን እ.ኤ.አ. በ1964 ከኢጣሊያዊው ፓኦሎ ቡዲኒች ጋር በመሆን የመሠረቱት ፓኪስታናዊው ሊቅ አብዱስ ሳላም ናቸው። ሳላም በኬምብሪጅ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1951 ለማስተማር ወደ ላሆር ተመልሰው ነበር። ይሁን እንጂ በሙያቸው የሚወያዩት ባልደረባ ባለማግኘታቸውና ከዓለም የምርምር እንቅስቃሴ በመነጠላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ተመልሰው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ከአገርና ከሙያ አንዱን ለመምረጥ መገደዳቸው ያሳደረባቸው ቁጭት ነው የማዕከሉ መነሻ። በማዕከሉ ከተጀመሩት አሠራሮች አንዱ፣ በታዳጊ አገሮች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት እየመጡ ዕውቀታቸውን አድሰው ወደየአገራቸው የሚመለሱበት ሥርዓት ነው። ሳላም እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ካረፉ በኋላም ማዕከሉ በስማቸው ተሰይሟል።

እንግዲህ ይህ ማዕከል የተመሠረተው ሰው እንዲመለስ ነው። ሆኖም እዚያ ሳለሁ በአውሮፓ የሚኖር አንድ የቆየ ጓደኛዬ በስልክ «መሣሪያ ወደሌለበት ምን ልትሠራ ትመለሳለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ለጊዜው የረባ መልስ አልሰጠሁትም።

ዋሻውና ገደሉ

ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ከሌሎች ተሳታፊዎች ጋር ሆኜ ከከተማዋ በላይ የሚገኘውን ግሮታ ጂጋንቴ የተባለ ታላቅ ዋሻ ጎበኘሁ። የዋሻው አዳራሽ ቁመት ወደ 100 ሜትር ይደርሳል። ከጣሪያው እስከ ወለሉ በተዘረጉ ሁለት ቧንቧዎች ውስጥ የመሬትን እጅግ ጥቃቅን መዘንበል የሚለኩ ፔንዱለሞች አሉ። እነዚህ በአንቶኒዮ ማሩሲ እ.ኤ.አ. በ1959 የተተከሉ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት በቺሊ የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ምድርን በሙሉ እንደ ደወል ሲያነዝራት መዝግበዋል። መሣሪያውን አይቼ ስወጣ የጓደኛዬ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ።

በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ከትሪየስቴ ጥቂት ራቅ ብላ በባሕር ገደል ላይ ወደተቀመጠችው ዱኢኖ ሄድኩ። ዱኢኖ በጥንታዊ ቤተ መንግሥቷ የምትታወቅ ትንሽ መንደር ናት። እኔን የወሰደኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን ያረፈው በዚህች መንደር ነው። ቦልትዝማን የጋዝን ጠባይ ማስረዳት የሚቻለው ጋዝ ስፍር ቁጥር ከሌላቸው ተንቀሳቃሽ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብለን ስንነሣ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። እንደ ኤርንስት ማክና ቪልሄልም ኦስትዋልድ ያሉ የዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት ግን በዓይን የማይታየውን አተም እንደ እውነተኛ ነገር ለመቀበል ፈቃደኞች አልነበሩም። ቦልትዝማን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1906 ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት በመጣበት በዱኢኖ፣ ለረጅም ጊዜ ያሠቃየው የመንፈስ ጭንቀት በርትቶበት ሕይወቱን በገዛ እጁ አጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ፔረን በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ደቃቅ የሙጫ ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ እየቆጠረ፣ ከፍታ በጨመረ መጠን ብዛታቸው የቦልትዝማንን ሕግ ተከትሎ እንደሚቀንስ አሳየ። ኦስትዋልድም ብዙ ሳይቆይ የአተምን መኖር ተቀበለ። ፔረን ለሥራው እ.ኤ.አ. በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ሕጉ ምን ይላል?

በአየር ውስጥ ሁለት ነገሮች ይፎካከራሉ። የመሬት ስበት የአየር ሞለኪውሎችን ወደ ታች ይጎትታቸዋል፤ ሙቀት ደግሞ በየአቅጣጫው ይበትናቸዋል። ስበት ብቻውን ቢሆን አየር ሁሉ እንደ አሸዋ መሬት ላይ በተኛ ነበር፤ ሙቀት ብቻውን ቢሆን ደግሞ ወደ ሕዋ ተበትኖ በጠፋ ነበር። የሁለቱ ሚዛን የሚገለጸው የሞለኪውሉን የሙቀት ኃይል ለክብደቱ በማካፈል በሚገኝ ርዝመት ነው። ለምንተነፍሰው አየር ይህ ርዝመት 8,400 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የተነሣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየር ግፊት በ11 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የአየሩ ሙቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቁጥሩ በመጠኑ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የሕጉ መሠረት ግን አይለወጥም።

ፔረን የተጠቀመበት የውሃ ጥልቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነበር። እኔ ግን የምመለሰው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ 2,500 ሜትር ወደሚወጣ አገር ነው። ይህን ሳስብ በመጨረሻው ዕለት ሚራማሬ ባሕር ዳርቻ ላይ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን ባዶ የውሃ ጠርሙስ አጥብቄ ዘጋሁትና በቦርሳዬ ያዝሁት። በውስጡ የነበረው የባሕር ዳር አየር ነው፤ ግፊቱም 1,013 ሄክቶፓስካል ገደማ።

ደሴና ኮምቦልቻ በሰማይ ላይ

ከትሪየስቴ በባቡር ሮም ደርሼ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ በረርኩ። አውሮፕላን በሚበርበት በ11,000 ሜትር ከፍታ የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አራተኛ ያነሰ በመሆኑ፣ በክፍሉ ውስጥ አየር እየተጨመቀ ይገባል። ይሁንና የአውሮፕላኑ አካል እንዳይጨናነቅ ሲባል ግፊቱ እስከ ባሕር ጠለል ድረስ አይመለስም። በብዙዎቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የክፍሉ አየር ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ያህል እንዲሳሳ ይፈቀዳል። ይህ ከደሴ ከፍታ ጥቂት የሚያንስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን ይህን ወሰን ወደ 1,830 ሜትር ዝቅ ያደርገዋል፤ ይኸውም የኮምቦልቻ ከፍታ ነው። ስለዚህ ለባሕር ዳር ሰው «ስስ» የተባለው የአውሮፕላን አየር፣ የደሴ ሰው ዘወትር ከሚተነፍሰው የማይሳሳ አየር ነው።

እኔም የተሳፈርኩት በዚሁ በ787 ነበር። ጠርሙሴ ክፍሉ ውስጥ ተወጥሮ አገኘሁት። የሚያስደንቀው የመጣው ወደ ቦሌ ስንወርድ ነው። አውሮፕላኑ እየወረደ ሳለ ጠርሙሱ ይበልጥ ተወጠረ። ምክንያቱም የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ የክፍሉ ግፊት ከመሬቱ ጋር ለመስተካከል መቀነስ ነበረበት። በሌላ አገር በማረፊያ ሰዓት ጆሮን የሚደፍነው የግፊት መጨመር ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል።

በጣርማበር ቁልቁል

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ የአየር በረራ ቢኖርም አውቶቡሱን መረጥኩ። ደብረ ብርሃንን አልፈን በጣሊያን ዘመን ወደተቆፈረው የጣርማበር ዋሻ ስንቃረብ ከ3,000 ሜትር በላይ ደርሰናል። ግፊቱ በዚያ 700 ሄክቶፓስካል ግድም ነው። እዚያ ሁለተኛ ባዶ ጠርሙስ ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 870 ሄክቶፓስካል ያድጋል። ጆሮዬ ተደፈነ፤ ጠርሙሱም እየተንቋቋ ተጨማደደ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነገሩን ሲከታተሉ ቆይተው «ልጄ፣ ይህን ሃይላንድ ምን አጨማደደው? ሙቀቱ ነው?» አሉኝ።

«ሙቀቱስ ሊያሰፋው ነበር፣ እናቴ። የጨመቀው አየሩ ነው» አልኋቸው።

«አየር ደግሞ እጅ አለው?» ብለው ሳቁ።

ጥያቄው ለቦልትዝማን ከቀረበለት ጥያቄ ብዙም አይርቅም። መልሱም «አዎን፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው እጆች አሉት» የሚል ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የጠርሙስ ገላ ላይ በየሰከንዱ ከ10²³ በላይ ሞለኪውሎች ይመታሉ። ከውስጥና ከውጭ የሚመቱት ሲመጣጠኑ ምንም አይታይም። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን የውጮቹ በርትተው ጠርሙሱን ረቱት። ይህን በቻልኩት ቋንቋ ሳስረዳቸው እናቴ ጠርሙሱን ተቀብለው ከሚሴ እስክንደርስ እያገላበጡ ሲያዩት ቆዩ።

በኮምቦልቻ አልፈን የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ጦሳ ተራራ ሥር ደሴ ስንገባ፣ ሁለተኛው ጠርሙስ ከጭምድድነቱ በከፊል ተላቅቋል። የሚራማሬው ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በዚያ ምሽት ቤት ውስጥ የተጣደው ባቄላ እስኪበስል ስጠብቅ ሌላው የሕጉ ምልክት ትዝ አለኝ። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በኮምቦልቻ ወደ 94፣ በደሴ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ይፈላል። ለዚህ ነው የደሴ ባቄላ ትዕግሥት የሚጠይቀው።

የአየርን ሞለኪውል በሃይላንድ መመዘን

እስቲ አሁን እናንተም ሞክሩት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የከፍታ ልዩነቱ ወደ 650 ሜትር ነው። በመጀመሪያ ደረቅ የሆነ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ደሴ ላይ ጥላ ውስጥ ክፈቱና አጥብቃችሁ ዝጉት፤ የአየሩንም ሙቀት መዝግቡ። ቀጥሎ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ። እዚያ ጠርሙሱን ጥላ ውስጥ ጥቂት አቆይታችሁ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በባልዲ ውሃ ውስጥ ክፈቱት። ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ውሃው ውስጥ እንዳለ መልሳችሁ ዝጉና የገባውን ውሃ ለኩ።

ኮምቦልቻ ከደሴ ስለምትሞቅ የሙቀቱን ልዩነት ማረም ያስፈልጋል። አየሩ በ4 ዲግሪ ቢሞቅ የሚገባው ውሃ በ13 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚያንስ፣ ይህን መልሳችሁ ደምሩ። ከእርማት በኋላ ስሌቱ የሚሰጠው ወደ 75 ሚሊ ሊትር ነው። ይህም ማለት 1,000 ሚሊ ሊትር የነበረው የደሴ አየር ኮምቦልቻ ላይ 925 ሆኗል ማለት ነው። 1,000ን ለ925 አካፍላችሁ የውጤቱን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ብትወስዱ 0.078 ታገኛላችሁ። 650 ሜትርን ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ 8,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ነው ከላይ የጠቀስነው የስበትና የሙቀት ሚዛን ርዝመት።

የቀረው አንድ እርምጃ ነው። የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር 1.38 × 10⁻²³ ጁል በኬልቪን ነው። ይህን በ290 ኬልቪን አባዝታችሁ፣ ውጤቱን ለስበት ፍጥነት ጭማሪ (9.8) እና ለ8,300 ብዜት አካፍሉት። የምታገኙት 4.9 × 10⁻²⁶ ኪሎ ግራም የአንድ የአየር ሞለኪውል አማካይ ክብደተ ቁስ ነው። በመጻሕፍት የሚገኘው 4.8 × 10⁻²⁶ ነው። በርግጥ በውሃው ልኬት 5 ሚሊ ሊትር ብትሳሳቱ ውጤቱ በ7 በመቶ ያህል ይዛባል። ስለዚህ ደጋግሞ መለካትና አማካዩን መውሰድ ግድ ነው።

የተመላሽ መልስ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ለዘረፋና ለውድመት ተዳርገዋል። ባዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆሞ ማስተማር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው የጓደኛዬን ጥያቄ ቀላል አያደርገውም። ሃይላንድ ቤተ ሙከራን አይተካም፤ መሣሪያ ሊገዛ፣ ቤተ ሙከራም ሊሟላ ይገባል። ነገር ግን ቦልትዝማን ያስተማረውን ሕግ ለማየት የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ 650 ሜትር ቁመት ያለው ዳገት ነው። እርሱን ደግሞ ማንም ጭኖ አልወሰደውም።

ለጓደኛዬ ይህንኑ ጽፌ ከሁለቱ ጠርሙሶች ፎቶግራፍ ጋር ላክሁለት። «ምን አይተው መጡ?» ለሚሉኝ ተማሪዎቼ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ በዱኢኖ የቆመ ሰው የሚያስበውን በሐረጎ መንገድ ላይ የተሳፈረ ሰው ሊለካው እንደሚችል አይቼ መጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ተማሪ ካለ ባዶ ጠርሙስ ይያዝ። የለካውን ቁጥር ይዞ ቢሮዬ ይምጣ፤ ከ75 የራቀ ቢሆንም ይምጣ፤ ለምን እንደራቀ አብረን እንመረምራለን።