የጆንያው አፍ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት የሚገዛ ብልህ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። አፉ ላይ የተደረደረው ድቡልቡልና ደረቅ ነው። ከሥር ያለው የሚታወቀው ጆንያው ሲገለበጥ ነው።

«ናሙናው በበዛ ቁጥር ውጤቱ ይታመናል» የሚለው ማብራሪያ አንባቢን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሺህ ጆንያ አፍ ያየ ሰው የሚያውቀው ሺህ አፍ እንጂ ሺህ ጆንያ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ካርድ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበና ዕጩው ላንደን ፕሬዚዳንት ይሆናል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና መዝገብ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደግሞ ሁሉም ሰው አልነበረም።

የሶፍትዌር ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2024 የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው ባካሄደው ዓመታዊ ጥናት ከ185 አገሮች ከ65 ሺህ በላይ ሰዎች መልስ ሰጡ። ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንጠቀማለን ያሉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ሰዎችን ትቶ ድረ ገጾቹን የሚቆጥረው ደብሊውስሪቴክስ ግን በዚያው ዓመት የሰርቨር ቋንቋቸው ከታወቀ ድረ ገጾች ሦስት አራተኛ ያህሉ በፒኤችፒ እንደሚሠሩ ያሳይ ነበር። በእርግጥ አንዱ ሰው ይቆጥራል፣ ሌላው ገጽ፤ በፒኤችፒ በተሠራው ዎርድፕሬስ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ብቻውን መቶ ገጽ ሊሠራ ይችላል። ቢሆንም ስታክ ኦቨርፍሎው ሰው የጠራው በዋናነት በራሱ መንገዶች ስለነበር፣ ወደ ገጹ አዘውትሮ የሚመጣው ሰው ቀድሞ ሰማ። አፉ ላይ ያለው ሽንኩርት እሱ ነው።

ምሳሌው ገና አላለቀም። የላይኛው ሽንኩርት ፀሐይ ስለሚያገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ ዘወትር አብረው የሚያወሩ ፕሮግራመሮችም አንዱ ከሌላው ፋሽን እየቀዳ ይመሳሰላሉ። የታችኛው ክብደት ተሸክሞ ይጨፈለቃል፤ እንደሱ የተጫነው ባለሙያም በሥራ ብዛት መጠይቅ የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ጣርማበር ዳገት ላይ የወደቀውስ? ሙያውን ትቶ የሄደው ሰው እሱ ነው፤ ለምን እንደተወ ማንም አይጠይቀውም።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ አንድ ጊዜ ለድረ ገጽ ሠልጣኞች ምን ትምህርት ይሰጥ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄውን አዲስ አበባ ባለ የፕሮግራመሮች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለቀቀው። መልሱ ሁሉ ሪአክት የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሆነ፤ ሲስተሙንም በማይክሮሰርቪስ፣ ማለትም በብዙ ትንንሽ አገልግሎቶች፣ መከፋፈል ነው አሉ። ከዚያ ለሆቴልና ለግል ትምህርት ቤት ድረ ገጽ የሚሠሩትን እየዞረ አነጋገረ። ዎርድፕሬስ ነው የሚሠሩት፤ ቡድኑ ውስጥም የሉም። የሥልጠናው ዝርዝር እንደገና ተጻፈ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያስተዳድረውን ድረ ገጽ በአሥር አገልግሎት መበታተን፣ መጠይቅ የፈጠረው ጥፋት ነው።

ደግ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰው ቤት መሄድን ሲከለክል፣ የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ ቤተሰቦችን በስልክ ጠየቀ፤ በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦች መልስ ሰጡ። ስሞቹ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2018/19 በአካል ከተካሄደ ጥናት ነበር። ስለዚህ ስልክ የሌለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በገጠር ስልክ ያላቸው ቤተሰቦች 40 በመቶ ያህል፣ በከተማ ግን ከ90 በመቶ በላይ ነበሩ። በዚህ መረጃ የመልሶቹን ክብደት አስተካከሉ። ከአስፋልቱ ርቆ በይፋት ቆላ ያለ፣ ስልክ የሌለው ገበሬ ቢያንስ በሒሳቡ ውስጥ ቦታ አገኘ፤ በራሱ አንደበት ባይናገርም።

የኢትዮጵያን የድረ ገጽ ባለሙያዎች ማጥናት የሚፈልግ ሰው መጠይቁን በቴሌግራም አይበትን። ኢትዮ ቴሌኮም ከሚያስተዳድራቸው የዶት ኢቲ ስሞች በዕጣ ያውጣ፣ ባለቤቱን «ማን ሠራልህ?» ብሎ ይጠይቅ፣ ሠሪውንም ሄዶ ያግኘው። ዶት ኮም የገዙት ከዚህ መዝገብ ውጭ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ከተማ ለከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ፣ በእግር ይፈልጋቸው።