ስለ አሮጌ አውቶሞቢል ሞተር መቀመጫ ጎማ

አውቶሞቢል ሲያረጅ ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ ማርሽ ሲገባም ከሥሩ ጓ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቱም ሞተሩ አለቀ ብሎ ያዝናል። እኛ ግን፥ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች አስቀድመው ይታዩ እንላለን።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሊመዝ ሞተሩ በጎማ ላይ አርፎ ስለ ተሠራ፥ ንዝረቱ ለተሳፋሪው ቀለለት። ዳሩ ግን ጎማ በሙቀት ይደርቃል፤ ዘይት ሲንጠባጠብበትም ይላሽቃል። ቸል ቢሉት የጭስ ማውጫው ቧንቧ እስኪሰነጠቅ ያደርሳል።

ስለዚህ አስቀድሞ የዘይቱ መፍሰስ ይገታ፤ ከዚያ ሞተሩ ሳንቃ በተደረገበት ክሪክ ተደግፎ ጎማው ይለወጥ። የአንዱ ሸክም በሌሎቹ ላይ ወድቆ ኖሯልና እነርሱም ይመርመሩ። ስለ አንድ ጎማ ብሎ ጤናማ ሞተር መጣል ቤትን ያለ ጥፋቷ ማክሰር ነው።