አሲድ፥ ጥርስና ብራና

የጥርስ ሐኪም የተቦረቦረ ጥርስ ሊሞላ ሲል አስቀድሞ አሲድ ይቀባበታል ቢባል ከመካከላችን የማይደነግጥ ጥቂት ነው። ጥርስን የሚያበላሸው አሲድ አይደለምን? በእርግጥ ነው፤ በአፋችን ያሉት ተሕዋስያን ከጣፋጭ ምግብ የሚያወጡት አሲድ ነው ጥርሳችንን የሚበላው። ታዲያ ሐኪሙ ይህንኑ ጠላት ስለ ምን ይጠራዋል? የሕክምና ተማሪዎች አጥራቸውን ዘለን በመግባታችን አይቈጡንና ጥቂት እንበል።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1955 ነው። አሜሪካዊው ማይክል ቦኖኮር የፋብሪካ ሰዎች ብረትን ቀለም ከመቀባታቸው በፊት በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያዘጋጁት ያውቅ ነበርና ይህንኑ በጥርስ የላይኛው ቅርፊት ላይ ሞከረው። ቅርፊቱ ሻከረ፤ ሙጫውም ያዘ። ቅርፊቱ ከሞላ ጐደል ድንጋይ ስለ ሆነ ይህ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከሥሩ ያለው ዴንቲን ነው።

ዴንቲን በሚዛን ከመቶ 70 ያህሉ ማዕድን፥ 20 ያህሉ በአብዛኛው ኮላጂን የሚባል ክር፥ የቀረው ውሃ ነው። ወደ ጥርሱ ነርቭ የሚያመሩ፥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ሺህ ቱቦዎችም አሉበት። የመሰርሰሪያው ብናኝ የቱቦዎቹን አፍ ይደፍነዋል። አሲዱ 15 ሴኮንድ ያህል ሲቆይ ብናኙን ይጠርጋል፤ ከላይ ያለውንም ማዕድን ጥቂት ሺህኛ ሚሊሜትር ያህል አሟሙቶ ይወስዳል። የሚቀረው እርቃኑን የወጣ የኮላጂን መረብ ነው።

እዚህ ላይ ብራና ይረዳናል፤ የፍየል ቆዳም ዋና ነገሩ ኮላጂን ነውና። ተማሪ ከየአገሩ እየመጣ ድጓ በሚያስመሰክርበት በጋይንቱ ቤተ ልሔም፥ ድጓው የሚጻፍበት ብራና ርጥብ ሳለ በእንጨት ላይ ተወጥሮ የደረቀ ቆዳ ነው። ሳይወጠር ቢደርቅ ይጨማደዳል፤ ለጽሕፈትም አይሆንም። በዴንቲኑ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ሐኪሙ አሲዱን ካጠበ በኋላ በነፋስ አጥብቆ ቢያደርቀው መረቡ ይተኛና ሙጫው መግቢያ ያጣል። ብራና ፋቂው በገመድ የሚወጥረውን ሐኪሙ የሚወጥረው በውሃ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ርጥበት ይተውለታል። ቢበዛም ሙጫውን ያቀጥነዋል። መካከሉን ማግኘት የእጅ ሙያ ነው፤ እኛስ ከመድኃኒቱ ይልቅ ይህ ይደንቀናል።

ነገሩ ቅንጦት የሚመስለው ቢኖር የላይኛው የፊት ጥርስ ሳይኖረው «ፍ» ለማለት ይሞክር። ቃልና ዜማ ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፍበት የድጓ ቤት የፊት ጥርስ መሰበር ቀላል ጕዳት አይደለም።

በ1982 ጃፓናዊው ናካባያሺና ባልደረቦቹ፥ ሙጫው በመረቡ ገብቶ ሲጠነክር ከጥርስና ከሙጫ የተዋሐደ ድብልቅ ሽፋን እንደሚፈጠር አሳዩ። አሲዱ ከልክ በላይ ከቆየ ግን ሙጫው ከማይደርስበት ጥልቀት ይወርዳል፤ እዚያ ባዶውን የቀረውን ክር የጥርሱ የራሱ ኤንዛይሞች ቀስ በቀስ ይበሉታል፤ ከዓመታት በኋላም ሙሌቱ ይላቀቃል። ዛሬ አሲድነትንና ሙጫነትን ባንድነት የያዙ ለዘብ ያሉ መድኃኒቶች በብዙ ሐኪሞች ዘንድ የሚመረጡት በከፊል ስለዚህ ነው፤ አሲዱ የደረሰበት ሙጫውም አብሮ ይደርሳልና።

በሁለቱም መንገድ ምራቅ ጠላት ነው። ሐኪሙ ጥጥ ጐስጕሶ «አፍህን አትዝጋ» እያለ ሲያስጨንቀን፥ ምራቅ የነካውን እንደገና ላለመጀመር ነው።