የሐይቅ ዳር ቅዳሜ፦ ነፋሱ፣ ጉማሬውና የጀልባው ሰዓት

ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚወርድ ቤተሰብ የሁለት ቀን ዕረፍቱ ሲበላሽበት ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው በዕድል ላይ ነው፤ ምሳውን ጦጣ ነጥቆት፣ ጀልባውን ማዕበል መልሶት፣ ማታ ደግሞ ጉማሬ ወጥቷል ተብሎ ከክፍሉ እንዳይወጣ ተከልክሎ ይመለሳል። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን ከእነዚህ ገጠመኞች አብዛኞቹ በተቀራራቢ ሰዓት የሚደጋገሙ፣ ለዓሣ አጥማጁና ለጀልባ ነጂው አዲስ ያልሆኑ ክስተቶች ናቸው። ከሐይቁ ጋር የማይገጥመው የጎብኚው ሰዓት ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ከከተማ የተነሣ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ላንጋኖ ወይም 275 ያህል ተጉዞ ሐዋሳ የደረሰ ቤተሰብ፣ ምሳውን ጨርሶ ጀልባ የሚጠይቀው ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ውሃው ለጀልባ እምብዛም የማይመችበት ሰዓት ነው።

የከሰዓቱ ነፋስ መነሻ የየብስና የውሃ የሙቀት ልዩነት ነው። የብስ በፀሐይ ቶሎ ሲሞቅ ውሃ ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆና ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ የእሱንም ቦታ ለመሙላት ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፤ ይህ የሐይቅ ነፋስ የሚባለው ነው። በስምጥ ሸለቆ ይህ ብቻውን አይሠራም። ለምሳሌ የጫሞና የአባያ ሐይቆች በምዕራብ በጋሞ፣ በምሥራቅ በአማሮ ተራሮች መካከል የተኙ በመሆናቸው፣ በቀን የሞቀው አየር ተዳፋቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ በተራሮቹም አናት ላይ ደመና ይከመራል፤ ደመናው ወደ ዝናብ ሲለወጥ ደግሞ በዝናቡ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ቁልቁል ወርዶ በሐይቁ ላይ ይዘረጋል። ይህ የቀዝቃዛ አየር ግፊት ከዝናቡ ቀድሞ ስለሚደርስ፣ በጀልባው አናት ላይ ሰማዩ ገና ጠርቶ ሳለ ማዕበሉ ሊነሣ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። የማዕበሉ ቁመት የሚወሰነው በነፋሱ ኃይል ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ያለ ከልካይ በሚጋልብበት የውሃ ርቀት፣ ማለትም በመንደርደሪያው ጭምር ነው፤ ስፋቱ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው በአባያ ላይ መንደርደሪያው ረጅም ነው፣ ውሃው ጥልቅ ባለመሆኑም ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ሆኖ ትንሽ ጀልባን በተደጋጋሚ ይመታል።

መብረቅ ሌላው ጉዳይ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለው ጊዜ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ ይህም ሊመታ የሚችልበት ክልል ነው። ሐይቅ መካከል ያለ ጀልባ በአካባቢው ካለው ነገር ሁሉ ከፍ ብሎ የሚታይ ስለሆነ ቀድሞ መውጣት ግድ ይሆናል። ከወጡ በኋላ ግን ግራር ወይም ዋርካ ሥር መጠለል፣ ወይም ግድግዳ በሌለው የሣር ዳስ ውስጥ መሰብሰብ ከአደጋው አያስጥልም፤ የሚያስጥለው ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ የብረት አካል ያለው መኪና ሲሆን፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል።

የአየሩና የእንስሳቱ ጉዳይ የሚገናኘው ጀልባው ሸሽቶ በሚጠጋበት ቦታ ነው። በነፋስ የተገፋ ጀልባ ቅርብ ወደሆነው ዳርቻ፣ ብዙውን ጊዜም ደንገልና ቄጠማ ወደበዛበት ጥግ ይሄዳል፤ ያ ጥግ ደግሞ ጉማሬና አዞ የሚውሉበት ሊሆን ይችላል። ጉማሬ ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ቀኑን በውሃ ውስጥ አሳልፎ፣ ሲመሽ በለመደው መንገድ ወጥቶ በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ሣር ይግጣል፣ ሳይነጋም ይመለሳል። በሐይቅ ዳር ማረፊያዎች ውሃ እየጠጣ የለመለመው ሣር ለእንግዳው ማረፊያ ተብሎ ቢተከልም ለጉማሬው ግጦሽ ነውና፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ልጆች በዚያ እንዲሯሯጡ መፍቀድ አደገኛ ነው። «ሣር በል ስለሆነ ሰው አይነካም» የሚለው አባባል ፈጽሞ የተሳሳተ ነው፤ ጉማሬ ሰውን ለመብላት ሳይሆን መንገዱ የተዘጋበት ሲመስለው ያጠቃል፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ ስለሚችልም በእሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ሮጦ የማምለጥ ዕድሉ ጠባብ ነው።

አዞ ከዚህ ይለያል፣ የሚያድነው አድፍጦ ነው። በጫሞ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ስፍራ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ የሚታየው አዞ አስጊ ቢመስልም፣ ይበልጥ የሚያሰጋው የማይታየው ነው፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወንዞች ደለል ሲያስገቡና ውሃው ሲደፈርስ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ የቆመን ሰው ሳይታይ ሊቀርበው ይችላል። በ2010 ዓ.ም. በአባያ ዳርቻ ምእመናንን ሲያጠምቅ የነበረ አንድ ፓስተር በአዞ ተነክሶ ሕይወቱ አልፏል።

ስለ ጦጣና ዝንጀሮ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሚዳፈሩት እንግዳ ሙዝና ዳቦ እየሰጠ ስላስለመዳቸው ነው። ቢነክሱ ወይም ቢቧጭሩ ግን ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ ማቃለል አይገባም።

እንግዲህ የሁለት ቀን ጊዜ ብቻ ያለው ቤተሰብ የቅዳሜውን ከሰዓት ለዕረፍት ትቶ ጀልባውን ወደ እሑድ ጠዋት፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ወዳለው ጊዜ ቢያዛውር ይሻለዋል፤ ቅዳሴ የሚያስቀድም ቤተሰብ ደግሞ ዓርብ ማታ ደርሶ ቅዳሜ ማለዳ ቢሳፈር ያው ነው። ላይፍ ጃኬት የሚባለው የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆችም በልካቸው ካልተገኘ አለመሳፈር ነው። ጀልባ ነጂው ተራሮቹን አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ካለ ደግሞ ዋጋ እየጨመሩ አያግባቡት።